መገጣጠሚያ የሌለው ትልቅ የብረት ቀለበት እንዴት ይሠራል?

የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ምሰሶ ይመስላል። ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን አንዱ በሌላው ላይ የተቀመጡ ጥቂት ግዙፍ ቱቦዎች ናቸው። ቱቦዎቹን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዛቸው ዙሪያውን ሙሉ ቡሎን የሚገባበት ወፍራም የብረት ቀለበት ነው፤ ፍላንጅ ይባላል። የብስ ላይ በሚቆም ማማ የታችኛው ፍላንጅ ስፋት ብዙውን ጊዜ 4 ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ እጅግ ከበለጠ ቱቦው ተጭኖ በድልድይ ሥር ማለፍ ያቅተዋል። ባሕር ላይ ለሚተከሉት፣ በመርከብ ስለሚጓጓዙ፣ ከ8 ሜትር የሚያልፍም ይሠራል። ነፋሱ ማማውን በገፋ ቁጥር የቀለበቱ አንድ ወገን ይሳባል፣ ሌላው ወገን ይጨመቃል። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር ተራው ይለወጣል። ይህ ለ20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። በቀለበቱ ዙሪያ አንድ ደካማ ቦታ ካለ ስንጥቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

የዚህ ቀለበት ዘመዶች ብዙ ናቸው። የጄት ሞተር ሽፋን፣ ክሬን ወገቡ ላይ የሚዞርበት ትልቁ ኩሽኔታ፣ የባቡር ጎማ ሃዲዱን የሚነካበት የብረት ሽፋን፣ የሮኬት ነዳጅ ታንክ ክፍሎች የሚያያዙበት ቀለበት፣ የኒውክሌር ማብላያ ገንዳ ግድግዳ፤ ሁሉም በዙሪያቸው መገጣጠሚያ ባይኖር የሚመረጡ ናቸው። እንግዲህ ጥያቄው፣ ይህን ያህል ትልቅ ነገር ያለ አንዳች ብየዳ እንዴት ይሠራል? ነው።

ለማብራሪያው እንዲመቸን አንድ ቀለበት እንያዝ። የውጭ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር 2 ሜትር፣ ቁመቱ 25 ሳንቲሜትር፣ የግድግዳው ውፍረት 86 ሚሊሜትር ይሁን። ከተለመደው አረብ ብረት ሲሠራ ክብደቱ 1 ቶን ገደማ ይመጣል። በመካከለኛ መጠን ከሚመደቡት ቀለበቶች አንዱ ነው።

የመጀመሪያው ሐሳብ ከወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ቆርጦ ማውጣት ነው። ይቻላል። ነገር ግን ቀለበቱን ለማግኘት መሃሉ መጣል አለበት፤ መሃሉ ደግሞ ከጠቅላላው ክብ 83 በመቶ ይይዛል። 1 ቶን ለማግኘት 5 ቶን ብረት ቆርጦ መጣል ከቁራጩ ዋጋ በላይ የሚያሳስብ ኪሳራ አለው፤ ለምን እንደሆነ ጥቂት ቆይተን እናየዋለን። ሁለተኛው ረጅም ብረት አጥፎ ጫፎቹን መበየድ ነው። ጭነቱ ቀላል በሆነበት ቦታ ይህ በቂ ነው፤ ብዙ ቀለበትም በዚህ መንገድ ይሠራል። ችግሩ፣ የብየዳው መስመርና በሙቀቱ የተጎዳው ጎረቤቱ ከቀሪው ብረት የተለየ ባሕርይ ይኖራቸዋል፤ በዙሪያው አንድ ቦታ ላይ ሌላ ብረት ገባ ማለት ነው። ሦስተኛው ብረቱን አቅልጦ በቅርጽ ማፍሰስ ነው። እሱ ርካሽና ለተወሳሰበ ቅርጽ የሚመች ሲሆን፣ ብረቱ ሲረጋ በውስጡ ጥቃቅን ባዶ ቦታዎች ይቀራሉ፣ ብረቱ የተገነባባቸው ቅንጣቶችም ትልልቅ ይሆናሉ። በቅጥቀጣ ያላለፈ ብረት ተደጋጋሚ ጭነትን እንደተቀጠቀጠው አይችልም።

የቀረው መንገድ በመሃሉ የተበሳ አጭርና ወፍራም ብረት ወስዶ፣ ግሎ ሳለ በሁለት ሮለሮች መካከል እያዞሩ ግድግዳውን መዳመጥ ነው። ግድግዳው ሲሳሳ ቀለበቱ ይሰፋል። የሚጣለው ብረት ጥቂት ነው፣ ብየዳ የለም፣ የውስጥ ባዶ ቦታዎችም በግፊቱ ይዘጋሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን በዓይን አይታይም። በፋብሪካ የተመረተ ብረት ሲቀጠቀጥና ሲዳመጥ በውስጡ ያሉት ቅንጣቶችና ጥቃቅን ቆሻሻዎች በተሳበበት አቅጣጫ ይረዝማሉ። እንጨትን ማሰብ ይበቃል፤ በቃጫው አቅጣጫ ሲሳብ ይችላል፣ ቃጫውን አቋርጦ ሲሳብ ይሰነጠቃል። ከጠፍጣፋ ብረት የተቆረጠ ቀለበት ቃጫው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝቷል። ስለዚህ በዙሪያው ላይ በሁለት ቦታ ጭነቱ ከቃጫው ጋር ይሄዳል፣ በሌሎች ሁለት ቦታዎች ያቋርጠዋል። አንዱ ቀለበት እዚህ ጠንካራ እዚያ ደካማ ይሆናል። የተዳመጠው ቀለበት ቃጫው ራሱ ክብ ሆኖ ዙሪያውን ይሄዳል፤ ቀለበት የሚሸከመው ዋና ጭነት ደግሞ ዙሪያውን የሚሄደው ነው። ለ5 ቶኑ ኪሳራ ሌላ ምክንያት አለ ያልኩት ይህን ነው።

ይህን ዘዴ ወደፊት የገፋው የባቡር ሥራ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የባቡር ጎማ የሚሠራው መሃሉ ለብቻው፣ ሃዲዱን የሚነካው የብረት ቀለበት ለብቻው ሆኖ ነበር። ቀለበቱ ብዙውን ጊዜ ታጥፎ የተበየደ ነበርና በብየዳው ይሰበራል። ጀርመናዊው የብረት ባለፋብሪካ አልፍሬድ ክሩፕ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ብየዳ የሌለበትን አሠራር አወጣ። አረብ ብረቱን መሃሉ ላይ ሰንጥቆ፣ ስንጥቁን በሽብልቅ አስፍቶ፣ ቀለበት ሲሆን ይዳምጠዋል። ሀብቱን የመሠረተለት በመድፍ የበለጠ እየታወቀ እንኳ የባቡር ቀለበት ነበር። በ1875 የተመዘገበው የኩባንያው ምልክት እርስ በርስ የተያያዙ ሦስት ቀለበቶች ናቸው። ብዙ ሰው የመድፍ አፍ ይመስሉታል፤ የባቡር ጎማ ቀለበቶች ናቸው።

ቀለበት ሲሰበር ምን እንደሚሆን ያ ዘመን ደጋግሞ አይቷል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1874 በእንግሊዝ ሺፕተን-ኦን-ቸርዌል አቅራቢያ የአንድ ፉርጎ ጎማ ቀለበት ተሰብሮ ባቡሩ ከሃዲዱ ወጣ፤ 34 ሰዎች ሞቱ። መገጣጠሚያ አለመኖር ብቻውን ዋስትና እንደማይሆንም ከ124 ዓመት በኋላ ታየ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1998 በጀርመን ኤሼዴ የፈጣኑ ባቡር የጎማ ቀለበት በድካም ስንጥቅ፣ ማለትም ተደጋጋሚ ጭነት ቀስ በቀስ በሚፈጥረው ስንጥቅ፣ ተበጥሶ 101 ሰዎች አልቀዋል። ስንጥቁ የጀመረው ከውጭ በማይታየው በውስጠኛው ፊት ነበር።

ወደ ቀለበታችን እንመለስ። ሥራው የሚጀምረው ከመጋዝ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝም ሰዎች አቅልለው የሚያዩት ይህን ደረጃ ነው። ክብ ቢሌት (ድፍን የብረት ዘንግ) ወይም ኢንጎት (ቀልጦ በቅርጽ የረጋ የብረት ጉማጅ) በሚፈለገው ክብደት ይቆረጣል። ክብደቱን በትክክል መያዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከተቆረጠው ብረት በምድጃው ውስጥ ከ1 እስከ 2 በመቶ የሚሆነው ከአየር ጋር ተዋህዶ ወደ ቅርፊት ይለወጣል። መሃሉ ሲበሳ የሚወጣው ቡሽም ይቀነሳል። የቀረው ሁሉ ቀለበት ውስጥ ይገባል። ብረት ሲጨፈለቅ ቦታ ይቀይራል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ቁራጩ 1 በመቶ፣ ማለትም 10 ኪሎ ቢበልጥ፣ ቁመቱና ውፍረቱ ልክ ከተያዙ ትርፉ ሁሉ ወደ ስፋት ይሄዳል፤ ባለ 2 ሜትሩ ቀለበት ወደ 2 ሳንቲሜትር ሰፍቶ ይወጣል።

ቁራጩ ወደ ምድጃ ይገባል። ለተለመደው አረብ ብረት ሙቀቱ ከ1,150 እስከ 1,250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ትልልቅ ፋብሪካዎች ወለሉ የሚዞር ክብ ምድጃ አላቸው፤ ቁራጮቹ በአንድ በር ገብተው፣ ዙሩን ጨርሰው፣ በአጠገቡ ባለው በር ይወጣሉ። ጊዜው ሰዓታት ይፈጃል፤ ምክንያቱም ላዩ ቀይ ሆኖ መሃሉ ያልጋለ ብረት ሲጨመቅ በውስጡ ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ከውጭ አይታይም።

ከምድጃው ሲወጣ በኃይለኛ ውሃ ቅርፊቱ ይጠረጋል። ሳይጠረግ ቢዳመጥ ቅርፊቱ ወደ ብረቱ ላይ ተጭኖ ይቀበራል፤ በኋላም ጉድጓድ ሆኖ ይወጣል። ቀጥሎ ሃይድሮሊክ ፕሬስ ላይ ይቀመጣል። በሺዎች ቶን የሚቆጠር ግፊት ያለው ፕሬስ መጀመሪያ አጭርና ሰፊ አድርጎ ይጨፈልቀዋል፤ ቀጥሎ በሾጣጣ መብሻ መሃሉን ወደ ታች ይጫነዋል። በመጨረሻ ከሥር የቀረው ስስ ቡሽ ተቆርጦ ይወድቃል። የእኛ ቁራጭ በዚህ ጊዜ የውጭ ስፋቱ 80 ሳንቲሜትር፣ የቀዳዳው ስፋት 30 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር ሆኖ ይወጣል እንበል። ግድግዳው 25 ሳንቲሜትር ነው።

መብሻው ከመሃል ትንሽ ከተንሸራተተ የቀለበቱ ግድግዳ በአንድ ወገን ይወፍራል፤ ቀለበቱ ሲዳመጥ ጉድለቱ ይቀንሳል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሮለሮቹ ላይ ወጣ ገባ እያለ ሲዞር አይቶ መብሳቱ ላይ እንደተሳሳተ መናገር ይቻላል።

አሁን ማሽኑን እንየው። አራት ነገሮች አሉት። በሞተር የሚዞረው ዋናው ሮለር ቀለበቱን ከውጭ ይይዛል። በቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ቀጭን ብረት ማንድሬል ይባላል፤ ሞተር የለውም፣ ቀለበቱ ራሱ ያዞረዋል። ማንድሬሉ በሃይድሮሊክ እየተገፋ ወደ ዋናው ሮለር ሲጠጋ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ይጨመቃል። በተቃራኒው ወገን፣ 180 ዲግሪ ላይ፣ ቀለበቱን ከላይና ከታች የሚይዙ ሁለት ሾጣጣ ሮለሮች አሉ። ከዚያ በቀለበቱ ግራና ቀኝ በክንድ ላይ የተተከሉ መሪ ሮለሮች ቀለበቱን ከመንገዱ እንዳይወጣ ያቅፉታል። የቀለበቱ ስፋት የሚለካበት ሌላ ትንሽ ሮለር ወይም ሌዘርም አብሮ አለ።

ብዙ ሰው ማሽኑ ቀለበቱን ወደ ውጭ የሚዘረጋው ይመስለዋል። ማሽኑ የሚያደርገው ግድግዳውን ማሳሳትና ቁመቱን መጠበቅ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከዚያ ተከትሎ የሚመጣ ውጤት ነው። ይህን የያዘ ሰው ማሽኑ ላይ ያለው እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተተከለ ይገባዋል።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። የግድግዳው ውፍረት፣ ቁመቱና የግድግዳው መካከለኛ መስመር ርዝመት ሲባዙ ውጤታቸው ሥራው እስኪያልቅ አንድ ነው። ሲጀመር የመካከለኛው መስመር ስፋት 55 ሳንቲሜትር፣ ግድግዳው 25 ሳንቲሜትር ነበር። ቁመቱን ለጊዜው እንዳለ ትተን ግድግዳውን 1 ሚሊሜትር ብናሳሳው ስፋቱ በ2 ሚሊሜትር ገደማ ይጨምራል። ሊያልቅ ሲቃረብ የመካከለኛው መስመር ስፋት 191 ሳንቲሜትር፣ ግድግዳው 86 ሚሊሜትር ሆኗል። አሁን ያው 1 ሚሊሜትር ስፋቱን በ22 ሚሊሜትር ያሳድገዋል። በአሥር እጥፍ ማለት ነው። ማንድሬሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ፍጥነት ቢገፋ ቀለበቱ መጀመሪያ ላይ ቀስ ብሎ፣ መጨረሻ ላይ ግን በማይቆጣጠሩት ፍጥነት ይሰፋል። ስለዚህ የግፊቱ ፍጥነት ወደ መጨረሻው መቀነስ አለበት። ከቀድሞዎቹ ማሽኖች አጠገብ የሚቆመው ኦፕሬተር ይህን በእጁ ያደርገው ነበር፤ ልምድ ያለው ሰው ፍጥነቱን በዓይኑና በድምፁ ይለካል ይባላል። ዛሬ ኮምፒውተሩ ከምድጃው እስከ መጨረሻው ያለውን የውፍረትና የቁመት መስመር አስቀድሞ አስልቶ በየቅጽበቱ ያርማል።

የግፊቱ መጠን ሁለት ወሰን አለው። በእያንዳንዱ ዙር ማንድሬሉ የሚገፋው በጣም ጥቂት ከሆነ የሚጨመቀው የግድግዳው ውስጠኛና ውጭኛ ፊት ብቻ ነው፤ መሃሉ እንዳለ ይቀራል። ቀለበቱ ከመስፋት ይልቅ ጫፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይወጣሉ፣ መሃሉ ገባ ይላል፤ ጎኑ እንደ ዓሣ ጅራት ይሆናል። በጣም ብዙ ከሆነ ዋናው ሮለር ቀለበቱን መሳብ ያቅተውና ይንሸራተታል። ቀለበቱ ይቆማል፣ ማንድሬሉ ግን አንዱን ቦታ ብቻ እየጨመቀ ይቀጥላል። አንድ ቶን የጋለ ብረት በአንድ ቦታ ተጎድቶ ከቀረ ወደ ማቅለጫ ከመመለስ ሌላ ዕድል የለውም። በእነዚህ ሁለት ወሰኖች መካከል ያለው ክፍተት እንደ ብረቱ ዓይነትና እንደ ግድግዳው ውፍረት ይጠባል፣ ይሰፋል።

ማንድሬሉ ራሱ የዚህ ማሽን ደካማ ጎን ነው። ውፍረቱ ከቀዳዳው መብለጥ አይችልም፤ ቀዳዳው ደግሞ ሲጀመር ትንሽ ነው። በሌላ በኩል ግድግዳው በጣም ወፍራምና ከፍተኛ ኃይል የሚፈልግ የሆነው ያኔ ነው። ስለዚህ በቀጭኑ ብረት ላይ በመቶዎች ቶን የሚደርስ ኃይል ይወድቅበታል፤ በሚዞርበት ጊዜ ሁሉ አንዴ ወደ አንዱ ወገን አንዴ ወደ ሌላው ይታጠፋል፣ ከዚያ ላይ ሙቀት አለ። ለዚህ ነው በላይም በታችም የሚደገፈው፣ በውሃ የሚቀዘቅዘው፣ ከዚያም እንደ ፍጆታ ዕቃ የሚለወጠው። ቀዳዳውን በፕሬስ አስቀድሞ ሰፋ አድርጎ መብሳት ማንድሬሉን ያድነዋል፤ የሚጣለው ቡሽ ግን ይጨምራል። በየፋብሪካው ይህ ምርጫ ይደረጋል።

ሾጣጣዎቹ ሮለሮች ቅርጻቸው እንዲሁ አልተመረጠም። ቀለበት ሲዞር የውጭው ጠርዝ ከውስጠኛው ፈጥኖ ይሄዳል። በእኛ ቀለበት መጀመሪያ ላይ የውጭው ከውስጠኛው ከ2.5 እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ቀጥ ያለ ሲሊንደር ከላይ ብንጭንበት በአንዱ ጠርዝ መንሸራተት፣ በሌላው መጎተት ይመጣል፣ ላዩም ይገፈፋል። ሾጣጣው ግን ጫፉ ወደ ቀለበቱ መሃል ከተመለከተ በየነጥቡ ፍጥነቱ ከቀለበቱ ፍጥነት ጋር ይገጥማል። ቀለበቱ ሲሰፋ ሾጣጣዎቹን የተሸከመው አካል በሙሉ ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀለበቱ ከሾጣጣው ርዝመት ሲበልጥ ጫፉ ከመሃሉ ጋር መግጠሙ ይቀራል፤ ያኔ ግን ግድግዳው ስስ ስለሆነ የሁለቱ ጠርዞች የፍጥነት ልዩነት ከ10 በመቶ በታች ይወርዳል፣ ትንሽ መንሸራተት ችግር አይሆንም። ሾጣጣዎቹ የዓሣ ጅራቱን ይመቱታል፣ ቁመቱንም ከ30 ወደ 25 ሳንቲሜትር ያወርዳሉ።

መሪ ሮለሮቹ ትልቅ ሥራ የሌላቸው ይመስላሉ። ቀለበቱ ትንሽና ወፍራም ሳለ ራሱን ይችላል። ሲሰፋና ሲሳሳ ግን የመታጠፍ መከላከያው በፍጥነት ይወርዳል፤ ግድግዳው በግማሽ ቢሳሳ ቀለበቱ መታጠፍን የሚቋቋምበት አቅም ወደ ስምንተኛ ይወርዳል፣ ስፋቱ ሲጨምርም እንደዚያው ነው። ክንዶቹ በጣም ካልያዙት ይንቀጠቀጣል፣ ይወጣል፤ በጣም ከያዙት ግሎ የለሰለሰውን ቀለበት እንቁላል ቅርጽ ያስይዙታል። ስለዚህ የክንዶቹ ግፊት ከቀለበቱ ጥንካሬ ጋር አብሮ መውረድ አለበት። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ማሽኑ ግፊቱን ቀንሶ ቀለበቱን ብቻ ያዞራል፤ ክብ እንዲሆን የሚያደርገው ይህ ነው።

ሁሉም ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይወስድም። የቀለበቱ የውጭ ፊት በሰከንድ 1 ሜትር ቢሄድ መጀመሪያ አንዱ ዙር 2.5 ሰከንድ ይወስዳል፣ መጨረሻ ከ6 ሰከንድ በላይ። ሙቀቱ ከ850 እና 900 ዲግሪ ገደማ በታች ከወረደ ብረቱ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ገና ካላለቀ ወደ ምድጃው ይመለሳል። ማሽኑ የሚለካው የጋለውን ቀለበት ነው፣ ደንበኛው የሚረከበው የቀዘቀዘውን። ብረት ከ900 ዲግሪ ወደ ክፍሉ ሙቀት ሲወርድ ከ1 በመቶ በላይ ይጠባል፤ በ2 ሜትር ላይ ከ20 ሚሊሜትር የሚበልጥ ነው። ማሽኑ የሚቆመው ይህ ተጨምሮበት ነው፣ ለቶርኖ የሚቀረው ውፍረትም እንዲሁ።

ያነሳነው ሁሉ ስለ ተራ አረብ ብረት ነበር። ለጄት ሞተር የሚሆነው ቲታኒየምና በኒኬል ላይ የተመሠረተው ውህድ የባሰ ያስቸግራሉ። የሚዳመጡበት የሙቀት ክልል ጠባብ ነው፤ ለምሳሌ ቲታኒየም ከአሉሚኒየምና ከቫናዲየም ጋር የተዋሀደበት የተለመደው ዓይነት ከ995 ዲግሪ አካባቢ በላይ ከጋለ ውስጣዊ አወቃቀሩ ይቀየራል፣ ስለዚህ ከዚያ በታች መዳመጥ አለበት። የኒኬሉ ውህድ ደግሞ ግሎም ቢሆን ኃይለኛ ነው፤ እየተሞቀ እየተዳመጠ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል። በእነዚህ ዓይነቶች አንድ ኪሎ ብረት ውድ ስለሆነ አምራቾች ቀለበቱን ጎኑ ጎበጥ ወይም ደረጃ ያለው አድርገው በቅርጽ ሮለር ይዳምጡታል፤ በቶርኖ የሚቆረጠው ያንሳል። የሮለሩ ቅርጽ ሲወሳሰብ ብረቱ ጥጉን ሳይሞላ ይቀራል፤ ባዶውን ለመሙላት ሲሉ ቁራጩን ማወፈር ደግሞ ያተረፉትን መልሶ ይበላል። አሉሚኒየም በ400 እና 450 ዲግሪ አካባቢ ይዳመጣል፣ ለሮኬት ታንክ ተመራጭ ነው።

ከማሽኑ ከወጣ በኋላ ቀለበቱ ገና አልተጠናቀቀም። ክብነቱ ካላረካ ከውስጥ በሚገፉ ክፍልፋዮች ትንሽ ይሰፋል። ቀጥሎ ባሕርዩን ለመወሰን እንደገና ሞቆ በዝግታ፣ በውሃ ወይም በዘይት ይቀዘቅዛል፣ መጠነኛ ሙቀት ይሰጠዋል። በድንገት የቀዘቀዘ ትልቅ ቀለበት ቅርጹን ሊለቅ ይችላልና ማቀዝቀዣ ገንዳው ውስጥ እንዴት እንደሚገባም ሙያ ይጠይቃል። ከዚያ ናሙና ተቆርጦ ይሰበራል፣ ቶርኖ ላይ ይወጣል፣ በአልትራሳውንድ ይፈተሻል።

ስለ ትልቅነት ካወራን፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2019 በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር 15.6 ሜትር ስፋትና 150 ቶን ክብደት ያለው ወጥ የማይዝግ ብረት ቀለበት ተዳምጧል። የታሰበው ለአንድ የኒውክሌር ማብላያ ድጋፍ ቀለበት ነው። ከማሽኑ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ጥሬ ዕቃው ነው። ከአንድ ግዙፍ ኢንጎት ፈንታ ብዙ ትናንሽ ሰሌዳዎች ተደራርበው፣ በመገናኛ ፊታቸው መካከል ያለው አየር ወጥቶ፣ በሙቀትና በግፊት ወደ አንድ ብረት ተዋህደው ነው ወደ መዳመጫው የገቡት። ትልቅ ኢንጎት ሲረጋ ንጥረ ነገሮቹ መሃሉና ጠርዙ ላይ ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ ትናንሽ ሰሌዳዎች ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

ጥሬ ዕቃው ሲበላሽ ምን እንደሚመጣ ቤልጅየም አይታለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ዱል 3 እና ቲያንዥ 2 በሚባሉት የኒውክሌር ማብላያዎች ገንዳ ግድግዳ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ጉድለቶች በአልትራሳውንድ ተገኙ። ግድግዳዎቹ ከጠፍጣፋ ብረት ታጥፈው የተበየዱ ሳይሆኑ ወጥ ሆነው የተቀጠቀጡ ቀለበቶች ነበሩ፤ ወደ ታች የሚሄድ ብየዳ በማብላያው ወገብ ላይ እንዳይኖር ተብሎ የተመረጠ አሠራር ነው። ምክንያቱ ሃይድሮጅን ሆኖ ተገኘ። ብረቱ ሲቀልጥ በውስጡ የቀረው ሃይድሮጅን ብረቱ ሲቀዘቅዝ ተጠራቅሞ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል፤ ይህ ደግሞ ከተሠራ ከዓመታት በኋላ በጨረር የመጣ ሳይሆን ከመጀመሪያው የነበረ ነው። ከረጅም ምርመራ በኋላ በ2015 እንደገና ሥራ ጀመሩ፤ ዱል 3 በ2022፣ ቲያንዥ 2 በ2023 መጀመሪያ ተዘግተዋል። ዛሬ ለወፍራም ቀለበት የሚሆን ብረት በቫክዩም ውስጥ ጋዙ ይወጣለታል፣ ከተቀጠቀጠ በኋላም ሃይድሮጅኑ እንዲወጣ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ገዢው ደግሞ ቀለበቱ ላይ የተመታውን፣ ብረቱ ከየትኛው ማቅለጥ እንደወጣ የሚያሳየውን የማቅለጫ ቁጥር ተከትሎ የዚያን ብረት የኬሚካል ምርመራና የአልትራሳውንድ ውጤት አብሮ ይረከባል።